የጀሶ ቅምሻ

ጥቅምት 8

እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? መዋዕለ ሕፃናቱስ? ሚጣዬ፣ እማዬ? እኔ ደህና ነኝ፤ ምላሴ ብቻ ደህና አይደለም። እሱን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። «በስልክ አታውራኝ፤ በስልክ ድምፅህን እያሳመርክ ትሸውደኛለህ። ጻፍልኝ፣ ስርዝ ድልዝህ ያሳብቅብሃል» ካልሽኝ ወዲህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር መርማሪ ፊት የቀረብኩ ይመስለኛል። ይኸው፣ እስካሁን አንድ ስርዝ የለብኝም።

ሥራው ምንድን ነው ላልሽኝ፣ ሳር እናክማለን። አትሳቂ! ሰው ግቢው ውስጥ ሳር ያስተክላል፤ ሳሩ ይገረጣል፤ ሰውዬው ይደነግጥና ይጠራናል። አፈሩ ከኮመጠጠ ኖራ፣ ጨው በዝቶበት ተጣብቆ ውሃ አላስገባ ካለ ጀሶ እንሸጥለታለን። ጀሶ ጨዉን ያስለቅቀዋል፣ አፈሩ ይፍታታል፣ ሥሩ ይተነፍሳል። ተረት አይደለም፣ የተማርኩት ነገር ነው። ለደንበኛ ሳስረዳ ልቤ እንዴት ጮቤ እንደሚረግጥ ብታይ! አንድ ቀን የራሴ ቤተ ሙከራ ይኖረኛል፤ እያንዳንዱን ግቢ አፈሩን መርምሬ ነው መድኃኒት የማዝለት።

ደንበኛው ግን እኔን አይሰማም። የሚሰማው ቅምሻውን ነው። አለቃችን (ዞር ሲል «ምላሱ» ነው የምንለው) ከደረት ኪሱ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ያወጣል። ነጩን ዱቄት መዳፉ ላይ ያፈሰውና፣ ምላሱን ዘርግቶ ላም ጥጃዋን እንደምትልስ ከዳር እስከ ዳር ይልሰዋል። ከንፈሩ ጥግ ላይ ነጭ ሊጥ ይቀራል። «እኔ የምበላውን ነው ለሳርዎ የማበላው!» ይላል። ደንበኛው ይስቅና ይገዛል። ከዚያ በዚያው በላሰው እጁ ይጨብጠዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋው። «ምሁሩም ይቅመስ እንጂ!» አለ፤ አንዲት ሽክ ያለች ደንበኛ ፊት። የተረፈው ዱቄት እሱ ከላሰው አጠገብ ነው፤ ምራቁ ገና አልደረቀም። ምን ላድርግ? ላስኩት። እስከ ማታ ጥርሴን ፋቅሁ፣ ምላሴንም በፎጣ ጠረግሁ፣ አልለቀቀኝም።

ያም ሆኖ «ንጹሕ ነው ወይ?» ላልሽው፣ ዱቄቱ ንጹሕ ነው። ሰውዬው ነው የሚያስጠላው እንጂ ጀሶው ጀሶ ነው። ግቢያችሁ ውሃ ያቁራል፣ ልጆቹ ጭቃው ላይ ይንሸራተታሉ ብለሻል አይደል? በሠራተኛ ዋጋ አስጭኜልሻለሁ፤ ሾፌራችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሻል። ሳሩ ላይ በስሱ በትኑና ውሃ አጠጡት።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 21

ለምሁሩ ወንድሜ፣

ሁላችን አለን። ሚጣዬ ጥርሷ ወልቆ አፏ በር የሌለው ቤት ሆኗል። እማዬ መንገድ ላይ ሰው እያስቆመች «ልጄ የመሬት ሐኪም ነው» ትላለች፤ ትናንት ፖስታ ቤት ወረፋውን አስቁማ ለሠራተኛዋ ስላንተ አወራቻት።

ከረጢቶቹ ደረሱ። ሾፌራችሁ ቅንድቡም ሽፋሽፍቱም ነጭ ሆኖ ስለመጣ «አባባ፣ ይግቡ» ብዬው ተቆጣኝ፤ ለካ ካንተ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ግቢው ምን ያህል ነው ብለህ በሾፌሩ ላስጠየቅከው፣ ልጅ ሁሉ እየተሯሯጠ ሳይጋጭ የሚበቃ ነው፤ በሜትር አልለካሁትም። አፈሩን በጠርሙስ አድርጌ ልላክልህ ወይ ስልህ «አያስፈልግም፣ ከነገርሽኝ ገብቶኛል» ያልከው አንተ ነህ፤ እንግዲህ ካወቅክ አወቅክ።

የቅምሻውን ነገር በተረት ሰዓት ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ወለሉ ላይ ተንከባለሉ! ሚጣዬ «አጎቴ አፈር ይበላል?» እያለች ክፍሉን ዞረችው። እኔን ግን፣ አልደብቅህም፣ ቀፈፈኝ። የሰው ምራቅ ልሶ ደሞዝ መብላት! ያሳደግሁህ ልጅ ነህ፤ የወደቀ ብስኩት አንስተህ ስትበላ እጅህን የመታሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከረጢቱ ሲከፈት ይሸታል። ዝናብ የገባበት፣ ዘመን ያልተከፈተ ክፍል አታውቅም? እንደዚያ። የጽዳት ሠራተኛችን አፍንጫዋን ይዛ «የሆነ ሰው ቤት ነው የሚሸተው» አለች። ማዕድን እንዲህ ይሸታል እንዴ?

እህትህ

—

ኅዳር 4

እትዬ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየሚኝ።

ሽታውን አለቃዬን ጠየቅሁት። «ማዕድን ነው እንጂ ሽቶ አይደለም» ብሎ ትከሻዬን መታ። አልተዋጠልኝም። እኛ ሻጮቹ የጀሶው ድንጋይ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ድረስ ሄደን አናውቅም፤ ከከተማ ውጭ ነው፣ «አቧራ ልብሳችሁን ያበላሻል» ይሉናል። ሾፌሩን ለምኜ አብሬው ሄድኩ።

ድንጋይ የለም። እትዬ፣ አንድ እንኳ ድንጋይ የለም። የተቆለለው የፈረሰ ቤት ነው። ኮርኒስ፣ የጀሶ ግድግዳ፣ የመታጠቢያ ቤት ልስን፣ ሻጋታው ጥቁር ቆዳ ሆኖ የለበሰው። አንዱ ቁራጭ የሕዝብ ሽንት ቤት ግድግዳ ነበር፤ ስድብ ተጽፎበታል። ዓይኔ እያየ ስድቡም አብሮ ተፈጨ። ከኮርኒሱ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ከነኩሱ ይወድቃል፣ ጥፍጥፍ ብላ የደረቀች አይጥም ከነጭራዋ። ወንፊቱ ላይ የቆመችው ሴትዮ ፊቴን አይታ ሳቀችብኝ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይጧን እናወጣታለን» አለችኝ። «ጠጉሯስ?» አልኳት። «ጠጉርማ ቀጭን ነው፣ ያልፋል።»

ከግድግዳው ጥግ ሄጄ አስመለስኩ።

ከሁሉ የባሰው ግን ቀለሙ ነው። አረንጓዴው፣ ሮዙ፣ በየዘመኑ የተደራረበው ቀለም አብሮ ይፈጫል። የድሮ ቀለም ውስጥ ምን እንደሚኖር ተምሬያለሁ። ከአንዱ ከረጢት በፌስታል ቀንሼ ወስጃለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ሰውዬ ይመረምሩልኛል።

«ታዲያ አለቃህ እንዴት ይልሰዋል?» ትይ ይሆናል። ሾፌሩን ይህንኑ ጠየቅሁት። «ለኪሱማ ሌላ ነው የሚገዛው» አለኝ፤ «ሐኪም ቤት ስብራት የሚያስሩበትን ጀሶ።» ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቅሁት እኔ ባለዲግሪው ብቻ ነኝ።

ደብዳቤ እስኪደርስ መጠበቅ ስላልሆነልኝ በስልክ ደወልኩ፤ አታነሺም። አፈር ስሆን፣ እትዬ፣ አትበትኑት። ከረጢቱን አስራችሁ ልጅ የማይደርስበት ቆልፉበት። በትናችሁታል? እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 12

የኔ ጌታ፣ የኔ አንበሳ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ተረጋጋ። አልተበተነም፤ መጋዘን ውስጥ ነው። ስልኩን ያላነሳሁት የወላጆች ቀን ስለነበረ ነው።

እንዴት ነህ ለመሆኑ? በደንብ ትበላለህ? የላክሁልህ ሹራብ ልክህ ሆነ? እዚህ ብርዱ ጀምሯል። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል። አዲስ የመጣች መምህርት አለች፣ ጎበዝ፣ ስታያት ትወዳታለህ፤ ሌላ ሳያገባት ና። ሥራ በዝቶብናል። ጠዋት መዝሙር፣ ቀን ምሳ፣ ማታ ደግሞ የልጆቹን ጫማ ስናራግፍ ነው የምንውለው፣ እያነጣ አስቸግሮን።

የሰውዬው ነገር ያስጠላል፣ እውነት ነው። ግን ሥራህን በችኮላ እንዳትለቅ። እማዬ ምን ትላለች? ደግሞ ግራ የገባኝ፣ ይህን ሁሉ አይተህ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?

ትንሽ ቀን ስጠው፤ ሁሉም ያልፋል።

የምትወድህ እህትህ

—

ኅዳር 19

እትዬ፣

«የኔ አንበሳ» ብለሽ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ምሁሩ፣ ጅሉ፣ አንተ ልጅ ነው ስሜ። አንበሳ ያልሽኝ ዕለት አንድ ነገር እንደደበቅሽኝ ገባኝ።

ጫማው ከምን ነው ያነጣው? መጋዘን ተቆልፎበት ያለ ዱቄት እግር አውጥቶ ልጆቹን ተከተላቸው? «አልተበተነም» ካልሽበት በላይ ደግሞ አንድ መስመር ሰርዘሻል። ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ አነበብኩት። «ልጆቹን ግን ምን ልበላቸው» ይላል። ስርዝ ያሳብቃል ያልሽው አንቺ ነሽ።

የምርመራው ውጤት መጥቷል። አስተማሪዬ ደውለው «ይህን ከየት አመጣኸው? እጅህን ታጠብ» ብቻ ነው ያሉኝ በመጀመሪያ። እርሳስ አለበት፤ የምንጽፍበት አይደለም፣ ከባዱ ብረት፣ የድሮ ቀለም ውስጥ የሚገባው። ትልቅ ሰውንም ይጎዳል፤ ልጅ ላይ ግን አእምሮ ውስጥ ነው የሚገባው። ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል፣ በቃ፣ ሌላ ነገር አያስፈልገውም። እና አንቺ በዚያ ላይ ታሯሩጫቸዋለሽ! ሹራቡ ልክህ ሆነ ወይ ትይኛለሽ! ደብዳቤሽን እንደገና ሳነበው እንደ አለቃዬ መዳፍ ነው የቀፈፈኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አይ፣ አሁን ይቅርታ አልጠይቅም፣ በኋላ።

«አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?» ላልሽው መልስ የለኝም። ጠዋት ክራቫት አስሬ እሄዳለሁ። ትናንት አንድ ሽማግሌ ለጽጌረዳቸው ገዙ፤ ከፊታቸው ቆሜ ጫማዬን አየሁ። የእማዬ ጉራ፣ የኔ ዲግሪ፣ ሌላ ቦታ እስካገኝ ምናምን እላለሁ። ማታ ፊቴን ስታጠብ መስታወት አላይም። የሚጸየፉት ሰው ሲበዛ መጨረሻ ላይ ራስ ይጨመራል።

መቼ በተናችሁት? ሚጣዬስ?

ወንድምሽ

—

ኅዳር 27

አንተ ልጅ፣

ስድቡን ተቀብያለሁ። ይገባኛል።

በተንነው። የመጣ ዕለት ነው የበተንነው፣ ሾፌሩ ሳይወጣ። ሽታውን የጻፍኩልህም ከበተንነው በኋላ ነው። ለምን አልጠበቅሽም አትበለኝ፤ ወንድሜ ነው የላከው፣ ማንን ልጠብቅ? ከሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሦስት ጊዜ እጠይቅ ነበር። የዋሸሁህ ሥራውን ጥለህ ትመጣለህ ብዬ ነው። ከዚያ ውሸቱ ቀን በቀን እየከበደኝ ሄደ።

የባሰውን ግን ገና አልነገርኩህም፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ያንን የቅምሻ ታሪክህን አነበብኩላቸው አላልኩህም? ጨዋታ አደረጉት። «ቅምሻ» ነው የሚሉት። የተረፈው ዱቄት አጥሩ ሥር ተቆልሎ ነበር። አንዱ አለቃ ይሆናል፣ መዳፉ ላይ ያፈሳል፣ ተራ በተራ ይልሳሉ፣ «እኔ የምበላውን ነው ለሳርዎ የማበላው!» ይላሉ። የመላስ ሊቅ ሆነዋል። በመስኮት አይቻቸው ስቄያለሁ። ስቄያለሁ! የሚያስመስሉ መስሎኝ ነው። አለቃ የምትሆነው ብዙ ጊዜ ሚጣዬ ናት፤ ታሪኩ የአጎቷ ስለሆነ ማንም አይቀማትም።

ደብዳቤህ ከደረሰ ወዲህ ክምሩን በሸራ ሸፍኜዋለሁ፣ ውጭ መውጣት ከልክያለሁ። ለወላጆች «ሳሩ እየታከመ ነው» ብያለሁ። የሰው ዓይን ግን አይቦዝንም፤ ይጠይቃሉ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የሚጣዬን ምላስ በባትሪ አያለሁ፣ ምን እንደምፈልግ እንኳ ሳላውቅ። ሆዴን አመመኝ ካለች ሳምንት ሆናት።

አሁን ንገረኝ። ብነግራቸው ይህ ቤት ይዘጋል። ማንም እናት ልጇን መርዝ ወደላሰበት ቤት አትመልስም። ባልነግራቸው ደግሞ... ጨርሰው አንተ። ምን ላድርግ? አንተ ነህ የተማርከው።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤቴ «ሰው ሞተብህ?» አለኝ።

በመጀመሪያ የሚሠራውን ስሚ። ሚጣዬን ዛሬ፣ ነገ አትበይ፣ ዛሬ ሐኪም ጋ ውሰጃት፤ የደም ምርመራ ለእርሳስ በያቸው። የላሱት ልጆች ሁሉ መመርመር አለባቸው። ዱቄቱን ደረቁን እንዳትጠርጉት፣ ይቦንናል፤ በውሃ አርጥባችሁ በአካፋ እንዲነሳ አድርጊ። ሳሩም ከነሥሩ፣ ከሥሩም ያለው አፈር ተገፍፎ ይውጣ። የገፈፉት አፈር ሌላ ሰው ግቢ እንዳይደፋ፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ደውዬ መርዝ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፣ መጥተው ይወስዱታል። መጫወቻዎቹን እጠቡ፣ ጫማ በር ላይ ይውለቅ።

ሁለተኛ፣ ለወላጆቹ ንገሪያቸው። ቤቱ ቢዘጋም ንገሪያቸው። ያልተነገራት እናት ልጇን አታስመረምርም፤ የጨረስኩልሽ እንዲህ ነው።

እዚያ ምን ትሠራለህ ላልሽኝ አሁን መልስ አለኝ፤ ምንም። ወጥቻለሁ። አወጣጤን ግን አታጨብጭቢለት። የኳስ ሜዳ የሚያሠራ ትልቅ ደንበኛ መጥቶ ነበር። አለቃዬ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሲሰድ፣ ከተደረደሩት ከረጢቶች አንዱን ቀደድኩና እፍኝ ሙሉ ዘግኜ አፉ ሥር ያዝኩለት። «ዛሬ ከዚህኛው ይቅመሱ» አልኩት። አይልስም፣ ይዋረዳል፣ ሁሉም ያበቃል ብዬ ነው። እጄ ውስጥ ቀለሙ ይታያል፣ አንድ ጠጉርም።

ላሰው።

እጄን ይዞ ላሰው፣ እትዬ! ከጣቶቼ መሃል ሳይቀር። የምላሱ ሙቀት መዳፌ ላይ አሁንም አለ። ዋጠው፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ «ልጁ ቀልደኛ ነው» አለ። ደንበኛው ሳቀና ለሙሉ ሜዳው ገዛ። ሰውዬው ለገበያው ሲል ያኔ የአይጧን ጭራ ብሰጠውም ይውጣት ነበር። ደንበኛውን በር ላይ ደርሼበት የምርመራውን ነገር ነገርኩት፤ «ከአለቃህ ጋር ተጣልተህ ነው» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ። ውጤቱን ለጤና ቢሮም ሰጥቻለሁ፤ «እናያለን» ብለዋል። ላያዩ ይችላሉ። እየተመላለስኩ አስቸግራቸዋለሁ።

የኔን ስም አትሸፍኚ። ማን ላከው ሲሉሽ ወንድሜ በያቸው፤ አፈሩን ሳያይ፣ ወፍጮውን ሳያይ የላከው፣ ባለዲግሪው። ላየው እንፈልጋለን ካሉ እመጣለሁ፣ ፊታቸው እቆማለሁ። በዚያን ቀን ግን አጠገቤ አትቁሚ። አንቺ ከእነሱ ጋር ተቀመጪ፣ አንቺም የተታለልሽ ሁኚ። ቤቱ የሚተርፈው እንደዚያ ከሆነ ብቻ ነው።

የሚጣዬን ውጤት ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

—

ታኅሣሥ 10

ወንድሜ፣

ነገርኳቸው።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ሁለት ሦስቱ ጮሁ፤ አንድ አባት በሩን ወርውሮት ወጣና ተመልሶ መጣ፣ ልጁ ውስጥ እንደሆነ ረስቶ። አንዲት እናት ብቻ ቀስ ብላ «ልጄ ማታ ማታ ‹ዛሬ ሁለቴ ቀመስኩ› ይለኝ ነበር» አለች። «ምን ቀመስክ ብዬ አልጠየቅሁትም። ቀልጄበት አሳቅሁት።» ከዚያ ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ገሚሱ ልጆቻቸውን ወስደዋል። ገሚሱ እስካሁን አልወሰኑም። አፈሩ ተገፍፎ ወጥቷል፤ ሲገፈፍ ያ ሽታ እንደገና ወጣና የጽዳት ሠራተኛችን ሥራ ጥላ ሄዳ አጥር ላይ አስመለሰች። አልፈረድኩባትም፤ አጠገቧ ቆሜ እኔም አስመለስኩ።

የሚጣዬን ጠይቀሃል። ደሟ ውስጥ ተገኝቷል። ሐኪሙ በየወሩ አምጪያት ብሎኛል። ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፍም፤ ስትመጣ ራስህ ታያታለህ። ሌሎችም አሉ። ወላጆቻቸው እንዲያውቁ ተደርጓል።

እማዬ ሁሉንም ሰምታለች። ማታ «ልጄ በባቡር ነው በአውቶቡስ የሚመጣው?» አለችኝ።

ወላጆቹ ሊያዩህ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ብለዋል። የሚመታህ እንዳለ እነግርሃለሁ፣ ያ በር የወረወረው ነው፤ ከመታህ ዝም በለው። ምን ይደረግ፣ ልጆቻችን እንዴት ይሆናሉ፣ ያ ሰው የት ነው ያለው ብለው ይጠይቁሃል። የማታውቀውን አላውቅም በላቸው፤ እንዳታሳምር።

ከእነሱ ጋር ተቀመጪ፣ የተታለልሽ ሁኚ ያልከውን አነበብኩት። አይሆንም። አንተ ላክህ እንጂ ከረጢቱን የቀደድኩት፣ የበተንኩት፣ ታሪኩን ያነበብኩት፣ በመስኮት የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከአንተ ጀርባ ተደብቄ ቤቴን አላተርፍም፤ እንዲህ የሚተርፍ ከሆነም ይዘጋ።

እዚህ ያለው ወንበር የልጆች ብቻ ነው። ሲሰበሰቡም በእሱ ነው የተቀመጡት፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ፣ ትልልቆቹ አባቶች ሳይቀሩ። ላንተ ሌላ ወንበር አላመጣም፤ እንደነሱ ተጣጥፈህ ትቀመጣለህ። ሁለት ከፊት አስቀምጫለሁ።

እህትህ